ፍሬን ውስጥ አየር ገባ ከተባለ በየት እንደገባ ይፈለግ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና ሸዋ ሮቢት መስመር ላይ ሚኒባስ የምነዳ ሹፌር ነኝ፣ ጋዜጣችሁንም ባገኘሁ ቁጥር አነባለሁ። የመኪና አደጋ ዜና ስታወጡ ስንት ሰው ሞተ ስንት ሰው ቆሰለ ትላላችሁ፣ መንስኤው ላይ ስትደርሱ ግን የፍሬን ችግር ነው ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፋል። ፍሬኑ ምን ሆኖ ነው? ዘይቱ አልቆ ነው፣ ፈልቶ ነው፣ አየር ገብቶበት ነው፣ ሸራው (ተፋጭቶ ጎማውን የሚያቆመው) ግሎ ነው? እነዚህ እኮ የየራሳቸው ምክንያት ያላቸው ነገሮች ናቸው፣ አብዛኞቹ ደሞ አደጋው ከመድረሱ ከብዙ ቀን በፊት ምልክት ያሳያሉ፣ ምልክቱን የሚያነብ ሰው ስለጠፋ ነው ሰው የሚያልቀው። ዛሬ የምጽፈው በተለይ ስለ አየር ነው፣ በፍሬንም በፍሪሲዮንም (ማርሽ ስንቀይር በምንረግጠው)፣ ሁለቱም በዘይት ግፊት ነው የሚሠሩት።

ጋራዦቻችን ውስጥ የተለመደው ነገር ይሄ ነው። ፔዳሉ ሰነፈ ወይ ፍሪሲዮኑ አልለቅ አለ ብለህ ትሄዳለህ፣ ልጁ አንዴ በእግሩ ረገጥ ያደርግና አየር ገብቶበታል ይልሃል፣ እውነቱን ነው ገብቶበታል። ረዳቱ ከላይ ሆኖ ፔዳል ይመታል እሱ ከስር ገብቶ ማስተንፈሻዋን ብሎን ይከፍታል ይዘጋል፣ ዘይት ይሞላል፣ ፔዳሉ ይጠነክራል፣ ከፍለህ ትወጣለህ። ትንሽ ቆይቶ ያው ነው፣ ተመልሰህ ትሄዳለህ ያው ሥራ ይሠራልሃል። ሲስተሙ ዝግ ነው እኮ፣ ደህና ከሆነ አየር የሚገባበት ምክንያት የለም፣ ከገባ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አግኝቷል ማለት ነው፣ ያቺን ቀዳዳ ሳይፈልጉ አየሩን ብቻ አስወጥቶ መኪናውን ወደ ጣርማ በር ቁልቁለት መልቀቅ በኔ እምነት ሥራ አይባልም።

አየር ለምን እንደዚህ እንደሚያስቸግር ላልገባው ሰው፣ መርፌ የሌለበት ሲሪንጅ ውሃ ሙሉና ጫፉን በጣት ድፈን አድርገህ ግፋው፣ ንቅንቅ አይልም። ትንሽ አየር አስገብተህ ደግመህ ግፋው፣ ይገባልሃል፣ ስትለቀው ተመልሶ ይመጣል። ፍሬን ላይም የሚሆነው ይሄው ነው፣ ዘይት አይታመቅም አየር ይታመቃል፣ በእግርህ የሰጠኸው ጉልበት ሸራውን ከታምቡር (ከጎማው ጋር ከሚዞረው ብረት) ጋር ማጣበቁን ትቶ አየሩን በማመቅ ያልቃል፣ ፔዳሉም እንደ ስፕሪንግ ይሆናል።

አሁን ይሄን ይዛችሁ የኛን መንገድ አስቡት። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ጣሊያን ያስቆፈረውን ዋሻ አልፈህ መውረድ ስትጀምር ሸዋ ሮቢት እስክትደርስ ድረስ ከ50 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ ከ1,700 ሜትር በላይ ትወርዳለህ፣ ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናትና። ጉሙ አለ፣ ዝናቡ አለ፣ ከፊትህ የተጫነ አይሱዙ አለ፣ ከኋላህ ሌላ አለ። ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ ጀማን የሚወርዱትም፣ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርዱትም ይሄንኑ ያውቁታል። ሜዳ ላይ ብዙም የማያስቸግር ትንሽ አየር እዚህ ጋ ሲሆን ሌላ ነገር ነው።

ደሞ ቁልቁለት ላይ አየር ከውጭ ሳይገባ ራሱ ዘይቱ አየር የሚመስል ነገር ይፈጥራል፣ ይሄን ብዙ ሹፌር አያውቀውም። የፍሬን ዘይት ውሃ ይስባል፣ ክዳኑ ተከፍቶ ካደረ ይስባል፣ መኪናው ላይ እንዳለም በጎማ ቱቦው በኩል ቀስ በቀስ ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ አዲስ ሲሆን መፍላት ያለበት ከ205 ዲግሪ በላይ ነው፣ ውሃ ከሳበ በኋላ ግን መስፈርቱ ራሱ የሚጠይቀው 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዶት 4 አዲሱ 230፣ ውሃ የሳበው 155። ሸራና ታምቡር ቁልቁለት ሙሉ ሲፋጩ ይሄ ሙቀት ሩቅ አይደለም፣ ዘይቱ ከጎማው ጋ ይፈላል፣ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደሞ ልክ እንደ አየር ይታመቃል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደሞ ሹፌሩ እንደምንም ብሎ በማርሽም በእጅ ፍሬንም አስቁሞ ቆይቶ ሲሞክረው ፔዳሉ ይመለሳል፣ ዘይቱ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናልና። ጋራዥ ሲወስደው ምንም የለበትም ይባላል። እሱም ተርፌአለሁ እግዜር ይመስገን ብሎ በዛው ዘይት ይመላለሳል።

ስለዚ እግር የሚነግረውን ማዳመጥ መጀመሪያ ነው። መኪናው ቀዝቃዛ ሆኖ ገና ጠዋት ፔዳሉ ስፖንጅ ስፖንጅ ካለ አየር ነው። ጠዋት ደህና ሆኖ ቁልቁለት ላይ ብቻ ከሰነፈ የዘይት መፍላት ነው፣ ያኔ አየር ማስወጣት ብቻውን አይበቃም ዘይቱ ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው ካልቆመ ሸራው ግሏል ወይ ዘይት ነክቶታል ወይም የቫኪዩሙ ሰርቮ (የእግርህን ጉልበት የሚያግዘው) አልሠራም፣ ይሄን አየር ማስወጣት አይፈውሰውም። እግርህን ሳታነሳ ተጭነህ ስትይዘው ቀስ እያለ ወደታች የሚሰምጥ ከሆነ ደሞ ወይ ዘይት ወደ ውጭ እየፈሰሰ ነው ወይ የላይኛው ፖምፓ (ፔዳሉ የሚገፋው፣ ዘይቱን የሚልከው) ጎሚኒ፣ ማለትም ዘይቱን የሚደፍነው ላስቲክ፣ ውስጥ ለውስጥ እያሳለፈ ነው። አንዴ ስትረግጠው ዝቅ ብሎ ቶሎ ሁለተኛ ስትደግመው ከፍ የሚለውን ደሞ ሁሉም ሰው አየር ነው ይላል፣ ከፍ ብሎ እንደ ድንጋይ ከደረቀ ግን አብዛኛውን ጊዜ የኋላው ሸራ ከታምቡሩ ርቆ ነው፣ ማስተካከያው ነው መነካት ያለበት፣ ከፍ ብሎም ስፕሪንግ ስፕሪንግ ካለ ያኔ አየር በል።

የኔን ልንገራችሁ። የምነዳው ሚኒባስ ፍሪሲዮኑ ማስቸገር ጀመረ፣ ጠዋት ጠዋት ሪቨርስ ሲገባ ይጮሃል፣ አንደኛ ማርሽ እምቢ ይላል፣ ፔዳሉን ደጋግሜ ስረግጠው ይገባል። ደብረ ብርሃን አንድ ጋራዥ ወስጄው አየር አስወጡልኝ፣ ተመለሰብኝ፣ ደግሜ ወሰድኩት ደግመው አስወጡልኝ፣ በየጊዜው ዘይት እየተጨመረ ገንዘብ እየተከፈለ ማለት ነው። ሥር የሚፈስ ነገር ስለሌለ የሚያፈስ የለም አሉኝ። የፍሪሲዮኑ ሁለቱ ፖምፓዎች፣ ፔዳሉ ጋ ያለችው ላይኛዋና ታችኛዋ፣ ይፈተሹልኝ ስል መለዋወጫ ውድ ነው ለምን ትከፍታለህ ተባልኩ። ደብረ ሲናን ወጥቶ ወደ ጣርማ በር ሲታጠፍ ዳገቱ መሃል ማርሽ ልቀይር ብዬ ሳወጣው አልመለስ ያለ ቀን ሰው ጭኜ ነበር፣ መኪናው ወደኋላ ሊንሸራተት ሲል በፍሬን ይዤ ረዳቱ ወርዶ ድንጋይ አደረገ። ፍሪሲዮን እኮ እንደ ፍሬን አይገድልም የሚሉ አሉ፣ እዛ ዳገት ላይ ማርሽ ያጣ መኪና ይዘው ቢሆን እንዲህ አይሉም ነበር።

በኋላ ሸዋ ሮቢት አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ጋ ወሰድኩት። እሳቸው ቁልፍ ከማንሳታቸው በፊት ጠየቁኝ፣ “ልጄ፣ ዘይቱ ስንት ጊዜ ነው የሚጎድልብህ?” ብዙም አይጎድልም፣ ትንሽ ትንሽ ነው አልኳቸው። “እንግዲያው ወደ ውጭ ከሚወጣው ወደ ውስጥ የሚገባው ይበልጣል” አሉኝና ገብተው ተኙ። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ጎን ላይ ያለችውን ታችኛዋን ፖምፓ አቧራ መከላከያዋን ላስቲክ በጣታቸው ገለጥ ሲያደርጉት ውስጡ ጥቁር ጭቃ የመሰለ እርጥበት ሞልቶታል፣ ላስቲኩ ይዞት ነው እንጂ መሬት ላይ አንድም ጠብታ አልነበረም። ፒስተኗን አውጥተው ጎሚኒዋን አሳዩኝ፣ ከንፈሯ ደርቆ ጥግ ላይ ተልጧል፣ ሲሊንደሩ ውስጥም ጥፍር ሲሄድበት የሚይዝ ዝገት አለ። ከዛ በሹፌሩ በኩል ፔዳሉ ስር ያለውን ምንጣፍ አንስተው የላይኛዋ ፖምፓ ዘንግ የሚገባበትን ዳሰሱት፣ እሱ ደረቅ ነበር፣ ስለዚ ላይኛው አልተነካም።

የነገሩኝን እዚህ ጋ መጻፍ አለብኝ ምክንያቱም ለብዙ ሰው ይጠቅማል። የጎሚኒው ከንፈር የተሠራው ከውስጥ ግፊት ሲመጣበት ተከፍቶ ግድግዳው ላይ እንዲጣበቅ ነው። ስትረግጥ ዘይቱ ከንፈሩን ይገፋዋል ይደፍናል፣ አይፈስም። ስትለቅ ግን ፒስተኑ ሲመለስ ውስጡ ለትንሽ ጊዜ ይስባል፣ የደረቀና የተልፈሰፈሰ ከንፈር ያኔ አየር ያስገባል። ዘይት ሳይፈስ አየር የሚገባው በዚህ ነው፣ የሚፈስ ስለሌለ ደህና ነው የሚለው አባባል ስህተት የሆነውም ለዚህ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ደሞ አለበት፣ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ውጭ ያደረ መኪና ያረጀ ጎሚኒው ይደርቃል ይኮማተራል፣ ጠዋት ያስገባል፣ ረፋድ ላይ ሞቆ ሲለሰልስ ይዘጋል፣ ስለዚ ከሰዓት ጋራዥ የወሰድከው መኪና ጠዋት ያስቸገረህን ላያሳይ ይችላል። በብዙ መኪና ላይ ደሞ ፍሪሲዮኑ ዘይቱን የሚወስደው ከፍሬኑ ዘይት መያዣ ነው፣ መውጫው ከፍ ተደርጎ ስለተሠራ ለፍሬን የሚሆን ይተርፋል፣ ግን ፍሪሲዮን አስቸገረኝ ስትል የሚጎድለው የፍሬንህ ዘይት መሆኑን ማወቅ አለብህ።

አየሩ ፍሬን ላይ ሲሆን አራት ጎማ ስላለ መፈለጉ ትንሽ ይለያል። የዘይት መያዣው ክዳን ተከፍቶ አንድ ሰው ፔዳሉን ደጋግሞ ረግጦ ይያዝና ድንገት ይልቀቀው፣ የታመቀ አየር ካለ ዘይቱን መልሶ ይገፋዋልና መያዣው ውስጥ ፈንጠር ይላል (ፊት አያስጠጉ፣ ዓይን ውስጥ ከገባ መጥፎ ነው፣ ቀለም ላይም ከፈሰሰ ቀለም ይበላል ቶሎ በውሃ ይታጠብ)። የትኛው ጎማ ጋ እንደሆነ ለማወቅ ጥሩ መካኒክ የጎማ ቱቦዎቹን በየተራ የሚነክስበት ጫፉ ክብ በሆነ መያዣ ጨምቆ ይዘጋቸዋል፣ በፒንሳ አይደለም ፒንሳ ቱቦውን ይቆርጠዋል፣ አንዱን ሲዘጋ ፔዳሉ ከጠነከረ አየሩ ከዛ ወዲያ ነው ያለው። ሁሉንም ዘግቶ አሁንም ከሰነፈ ችግሩ ላይኛው ፖምፓ ወይ ከሱ እስከ ቱቦዎቹ ያለው መስመር ነው። ከዛ የብረት ቱቦው ጫፍ ተሰንጥቆ እንደሆነ፣ ያገለገለ የመዳብ ዋሸር ተመልሶ ገብቶ እንደሆነ፣ ታምቡር ውስጥ ያለችው ሲሊንደር አቧራ መከላከያዋ ስር እርጥብ እንደሆነ ይታያል።

አንዳንዴ ደሞ የሚያስገባ ቀዳዳ የለም፣ ያልወጣ አየር ነው። ካሊፐር (ዲስክ ፍሬን ላይ ሸራውን የሚጨምቀው) ሲቀየር የግራው ቀኝ የቀኙ ግራ ተገጥሞ ማስተንፈሻው ወደታች የሆነ መኪና አጋጥሞኛል፣ አየር ላይ ይሄዳል እንጂ ታች አይወጣም፣ ቢረግጡት ቢያድሩ አይወጣም። ፒክአፕና ሚኒባስ ላይ የኋላ ፍሬንን እንደ ጭነቱ የሚመጥነው ቫልቭ ላይም ማስተንፈሻ ካለው እሱ ይረሳል። ፍሪሲዮን ላይ ቱቦው መሃል ላይ ከፍ ብሎ ከታጠፈ አየሩ እዛ ይቀመጣል፣ መካኒኩ አባት ያደረጉት ታችኛዋን ፖምፓ ከነቱቦዋ ፈተው ማስተንፈሻዋን ወደ ላይ አዙረው ፒስተኗን ቀስ አድርገው ወደ ውስጥ መግፋት ነው፣ አየሩ በመጣበት ወደ ዘይት መያዣው አረፋ ሆኖ ወጣ። ያኔ ማንም ፔዳል መንካት የለበትም፣ ከተነካ ፒስተኗ ተፈትልካ ትወጣለች።

አየር ሲወጣም አወጣጡ አለ። ፔዳሉ በቀስታ ይረገጣል ይያዛል፣ ብሎኗ ትከፈታለች ትዘጋለች፣ ከዛ በኋላ ብቻ ነው ፔዳል የሚለቀቀው፣ ሳትዘጋ ከተለቀቀ ያወጣኸውን አየር መልሰህ ትስባለህ። ሁለቱ ሰዎች “ያዝ” “ልቀቅ” እየተባባሉ መሥራት አለባቸው፣ አንዱ ስልክ እያወራ የሚሠራ ሥራ አይደለም። የብሎኗ ጫፍ ላይ ግልጽ የሆነ ቱቦ ገብቶ ሌላው ጫፍ ንጹህ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጠለቃል፣ አረፋው በዓይን ይታያል። በቫኪዩም የሚያወጡ ደሞ በብሎኗ ጥርስ በኩል ከውጭ የሚሳብ አየር አረፋ ያሳያቸዋል፣ የማያልቅ ይመስላል፣ እሱ ከውስጥ የመጣ አይደለም። በብዙ መኪና ከላይኛው ፖምፓ ከሚርቀው ጎማ ይጀመራል፣ መስመራቸው ለየት ያሉም ስላሉ የመኪናው መመሪያ ያለው ይቀድማል። በአሮጌ መኪና ላይ ፔዳሉ ወለል ድረስ አይረገጥ፣ ስሩ የእንጨት ቁራጭ ይደረግ፣ ምክንያቱም ፒስተኑ ለዓመታት ሄዶ የማያውቅበት ዝገት ያለበት ቦታ ድረስ ሄዶ ደህናውን ጎሚኒ ይቀደዋል፣ አየር ለማውጣት ገብቶ የላይኛው ፖምፓ ተበላሽቶ የሚወጣው መኪና ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ዘይት መያዣው መሃል ላይ ካለቀ ደሞ ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል። የወጣው ዘይት ተመልሶ አይገባም፣ ይሄን ሲያደርጉ በዓይኔ ያየሁት ስለሆነ ነው የምለው።

ከሁሉ በላይ ደሞ የዘይቱ ነገር። መንገድ ላይ ፍሬን ዘይት ሲታጣ የሞተር ዘይት ወይ የመሪ ዘይት የሚጨምሩ ሹፌሮች አሉ፣ ለጊዜው ይሠራል፣ ጎሚኒዎቹ ግን ያብጣሉ፣ ይላላሉ፣ ከዛ ያለው ጎሚኒ ሁሉ ካልተቀየረና መስመሩ ካልታጠበ አይድንም። ያገለገለ መኪና የገዛችሁ ሰዎች ምን እንደተጨመረበት ካላወቃችሁ ከዘይት መያዣው አንድ ጠብታ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣሉ፣ የተለመደው ዶት 3ና ዶት 4 ከውሃው ጋር ይቀላቀላል፣ ላዩ ላይ የሚንሳፈፍ ቅባት ካያችሁ ያ መኪና ቁልቁለት እንዳይወርድ። ከሱቅ ስትገዙም የታሸገ ግዙ፣ ከትልቅ ጀሪካን እየተቀዳ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠውን ተዉት፣ ምን ያህል ውሃ እንደሳበ ማንም አያውቅም።

ባለንብረቶችም አላችሁ። ሹፌሩ ጎሚኒ ይቀየር ሲል ዘይት ጨምርበት የምትሉ፣ ለጎሚኒ የምትሰስቱት ብር እኮ አንድ ጉዞ የሚሸፍነው ነው፣ ቢበዛ ሲሊንደሩ ዝጎ ሙሉ ፖምፓው ይቀየራል፣ እሱም ቢሆን ከሰው ነፍስ ጋር አይነጻጸርም። ሹፌሮች ወንድሞቼ ደሞ ነዳጅ ቆጠብኩ ብላችሁ ማርሹን ዜሮ አድርጋችሁ አትውረዱ፣ በወጣችሁበት ማርሽ ወይ ከሱ ባነሰ ውረዱ፣ ሞተሩ ሲይዝላችሁ ፍሬኑ አይግልም፣ ዘይቱ አይፈላም።

ጋራዦችን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። አየር አስወጣሁ ብላችሁ ገንዘብ ስትቀበሉ በየት እንደገባ ንገሩን፣ የወጣውን ጎሚኒ በእጃችን ስጡን። በየት እንደገባ ካላገኛችሁትም አላገኘሁትም በሉን፣ ሹፌሩ አውቆ ሌላ ቦታ ያሳያል፣ አልቋል ብላችሁ አትልቀቁት።

ለሚመለከተው የመንግሥት አካልም። ለቦሎ ምርመራ ስንገባ መኪናው ሮለር ላይ ይወጣና ጎማው ምን ያህል እንደሚይዝ ይለካል፣ ጥሩ ነው፣ ሮለሩ ግን ዘይቱ ውስጥ ያለውን ውሃ አይለካም፣ ቀዝቃዛ መኪና ላይ ዘይቱ ስለማይፈላ ሁሉም ያልፋል። የዘይቱን መፍላት የሚለኩ አነስተኛ መሣሪያዎች በዓለም ላይ አሉ፣ ባይገኙ እንኳ ክዳኑን ከፍቶ ማየት፣ የአቧራ መከላከያ ላስቲኮችን ገለጥ አድርጎ ማየት፣ ፔዳሉን ለግማሽ ደቂቃ ተጭኖ መስመጥ አለመስመጡን ማየት መሣሪያ አይፈልግም። ቢያንስ የሕዝብ ማመላለሻና የጭነት መኪኖች ላይ ይሄ ይጀመር።

እናንተንም የምጠይቀው ይሄንኑ ወስዳችሁ ምርመራውን የሚሠሩትን ሰዎች እንድታናግሩልኝ ነው፣ የፍሬን ዘይት ለምን አይታይም፣ ይታያል ከተባለም በምን ይታያል፣ መልሳቸውን በጋዜጣችሁ አውጡልን። የሚቀጥለው አደጋ ዜና ላይም ትራፊክ ፖሊሱን የፍሬን ዘይቱ ተመርምሯል ወይ ብላችሁ ጠይቁልን።

አክባሪያችሁ
ከደብረ ብርሃን፣ የሚኒባስ ሹፌር